ቀይ የተቀባ አፍ

በሕይወቴ ጋዜጣ ላይ የወጣሁት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ የአንድ እንስሳ ፊንጢጣ ውስጥ ከትቼ እየሳቅሁ። አጠገቤ ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን የእንስሳው ጀርባ ላይ አድርጓል። ከሥሩ የተጻፈው «የጥንቱ ባሕር እንስሳ ትንሿን እንግዳ ሲውጥ» ይላል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ስቀይልኝ ብዬ እናቴን በለቅሶ አስቸገርኳት፤ ሰቀለችልኝ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ከአልጋዬ ራስጌ አልወረደም።

ባለፈው ዓመት ዶክተሩ ሲሞት ያው ጋዜጣ ያንኑ ፎቶ እንደገና አወጣው። «ለእውነት የኖረ ሊቅ» ብለውታል። ክሊኒኬ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ጥለውት ከሄዱት ጋዜጣ ላይ ነው ያየሁት፤ አንድ ታካሚ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ቆሜ አነበብኩት። የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ስጎረጉር ኖሬአለሁና አፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሊቁ ግን አያውቅም ነበር።

ከመነሻው ልጀምር። እናቴ ሙዚየም ውስጥ ድንጋይ አጽጂ ነበረች። በድንጋይ የተቀበረ ቅሪተ አካል ሲመጣ፣ ቅሪተ አካሉን ሳትነካ ድንጋዩን ብቻ እየጫረች የምታወጣው እሷ ናት። ክፍሏ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ በዚያ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ድንጋዩ እንዳይንከባለል የሚቀመጥበት የአሸዋ ከረጢት፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የቆሙ መርፌዎች። መርፌዎቹ አብዛኞቹ ከጥርስ ክሊኒክ አርጅተው የተጣሉ መጎርጎሪያዎች ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ እናቴን «እትዬ መርፌ» ነበር የሚላት።

እኔ የምማረው በጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከሰዓቱን እዚያ ክፍል ውስጥ አሳልፋለሁ። አልወደውም ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ትጭራለች፣ እፍ ትላለች፣ ትጭራለች፣ እፍ ትላለች። ወደ ቤት ስንመለስ ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ አቧራ አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲያያት አፍራለሁ። ትምህርት ቤት «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ከዶክተሩ ጋር ነው የምትሠራው» እል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዶክተሩ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ፣ የቆዳ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ ከረሜላ። ሽቶ ይሸታል። ጫማው ከማብረቅረቁ የተነሣ በምድር ቤቱ መስኮት ሲያልፍ ከሌላው ሰው ጫማ እለየዋለሁ። እኔን «የኔ ትንሽ ሊቅ» ይለኛል። እናቴን «አንቺ» ይላታል፤ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። ይሄ ለኔ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ዶክትሬቱ ስለ አሸዋ መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አሸዋ ከምን ያህል ከፍታ ሲፈስ ምን ያህል እንደሚከመር ነው ያጠናው። እንስሳ በሕይወቱ አጥንቶ አያውቅም፤ ድመት እንኳ ቤቱ አልነበረም። ግን ዶክተር ነው፤ ያ ለሙዚየሙም፣ ለጋዜጣውም፣ ለኔም በቂ ነበር።

ያ ድንጋይ የመጣው ከአንድ የኖራ ድንጋይ ካባ ነው። ሠራተኞቹ ሲፈልጡት የካፖርት አዝራር የሚያህል ክብ ነገር ጎኑ ላይ አይተው ላኩት። እናቴ የአሸዋ ከረጢቱ ላይ አስቀመጠችው፤ መብራቱን አዞረችበትና ስታየው ቆየች። ከዚያ ከጠርዙ አንዲት ፍንካች በወረንጦ አነሣችና ወደ ብርሃኑ አዘነበለቻት። ፍንካቿ ብልጭ አለች።

«አየሽ?» አለችኝ። «ተራ ድንጋይ እንዲህ አያበራም። የእነዚህ ዘር ቅርፊት ሲሰበር እንደ መስታወት ነው። የባሕር ኮከብ ዘመድ ነው ማለት ነው።»

«በሕይወት አለ?»

«ኧረ ከሞተ ቆይቷል። ያኔ ሰው የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?»

እናቴ ሳቀች። ስለነዚህ እንስሳት አንዴ ከጀመረች አታባራም ነበር፤ እኔ በግማሽ ጆሮዬ ነው የምሰማት። የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ በረጅም ግንድ ላይ እንደ አበባ ቆመው የሚኖሩት፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው አለችኝ። ራስና ጅራት የላቸውም። አካላቸው ከመሐል ተነሥቶ በአምስት ይከፈላል። ከቆዳቸው ሥር ጥቃቅን ቅርፊቶች አሏቸው። እንደኛ የደም ሥር ብቻ ሳይሆን የውሃ ሥር አላቸው፤ ውሃው ሲገፋቸው የሚዘረጉ፣ ሲመለስ የሚሰበሰቡ ትንንሽ እግሮች አሏቸው። ይሄኛው ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነበር። የትም አይሄድም። ምግቡን እነዚያ እግሮች እየተቀባበሉ እስከ አፉ ያደርሱለታል።

«እንደ ዶክተሩ» አልኳት፤ ሻዩን ሁልጊዜ ጸሐፊዋ ስለምታመጣለት። እናቴ ዙሪያዋን አየችና አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ እኮ ማመስገኔ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ምድር ቤት ወረደ። እናቴ እስከዚያ ያወጣችው ከዳር ያለችውን አንዲት ጉብታ ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘን ቅርፊቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው እንደ ድንኳን ቆመውባታል። ሌላው አካል ገና በድንጋይ ተሸፍኗል። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«አፉ ይሄ ነው» አለ።

«ገና ነው፣ ዶክተር» አለች እናቴ። «ሌላው ሳይወጣ እንዲህ ነው ለማለት…»

«ኮከብ አይታይሽም? የዚህ ዘር ነገሩ ሁሉ በአምስት ነው። አምስት ጥርስ፣ አንድ አፍ። የኔ ትንሽ ሊቅ፣ ነይ እስቲ ቁጠሪያቸው።»

ቆጠርኩ። ስድስት ሆኑብኝ። ዶክተሩ አምስት ብሎ ስለነበር ደነገጥኩ፤ እንደገና ቆጠርኩና አምስት አደረግኳቸው። «አምስት» አልኩ። ዶክተሩ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ።

«ስድስት ናቸው» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ልጅሽ ካንቺ ትሻላለች» አለ እየሳቀ። «ከዚህ በኋላ እንዳትነኪው። እንዲሁ እንዳለ ነው የሚቀመጠው። ለአዲሱ አዳራሽ መክፈቻ ሃያ ቀን ነው የቀረን።»

ስድስት ናቸው። ካደግኩ በኋላ ሄጄ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሊቅ ነው ሲሉኝ እስከ ስንት እንደሚቆጥር መጠየቅ ያምረኛል።

በማግሥቱ አናጢው ሥራ ጀመረ። አናጢው ለሙዚየሙ የመስታወት ሳጥንና መደርደሪያ የሚሠራ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ የሚያወራ ሰው ነው፤ ጋሼ ምስማር እንለዋለን። ዶክተሩ እንስሳውን በርሜል አሳክሎ ከእንጨት እንዲሠራው አዘዘው፤ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ትልቅ አፍ ይኑረው አለ። ጋሼ ምስማር ለሥራው ሟች ነው። ቅርፊቶቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ደራርቦ ቀረጸ፤ ዶክተሩ በጠቆመበት ቦታ ላይ አምስት ጥርስ ያለው ቀዳዳ ከፈተ። ቀዳዳውን ቀይ እንድቀባው ደግሞ ለኔ ብሩሽ ሰጠኝ። ዝም ብዬ አልቀባሁትም፤ ከንፈር አወጣሁለት። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ግን ድንጋዩን አልተወችውም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩን ከውስጥ ትቆልፍና ዳቦዬን ሰጥታኝ መርፌዋን ታነሣለች። ያልታጠበ ሳህን አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው አለ አይደል? እሷ ግማሽ አካሉ ድንጋይ ውስጥ የቀረ እንስሳ አይታ ማለፍ አትችልም ነበር።

እኔ አገጬን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደግፌ አያታለሁ። ትናንት ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ መስመር አለ። መርፌዋ በሄደበት ሁሉ መስመር ይወጣል። በሳምንቱ አምስት ሆኑ፤ ከጠርዙ ተነሥተው እየታጠፉ ወደ መሐል የሚገቡ። አራቱ ወደ ግራ ታጥፈዋል፤ አንዱ ብቻ ወደ ቀኝ፣ ያችን ጉብታ አቅፎ። ዓይኔ እያየ የዶክተሩን እንስሳ አበላሸችው ብዬ አሰብኩ። እኔ ደብተር ላይ እንዲህ ስጭር በማስመሪያ ነበር እጄን የምመታው።

አንድ ቀን ጋሼ ምስማር በሩን አንኳኳ። እናቴ አስገባችውና መልሳ ቆለፈች። ማጉያ መነጽሯን ሰጠችው።

«እስቲ እነዚህ መንገዶች የት እንደሚሄዱ ንገረኝ» አለችው።

ምስማሩን ከከንፈሩ አውጥቶ አየ። «መሐል ላይ ይገናኛሉ።»

«ወደዚያች ጉብታስ የሚሄድ መንገድ አለ?»

«የለም።»

«ምግቡ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ መሐል ላይ ከተገናኘ፣ አፉ የት ነው?»

ጋሼ ምስማር ማጉያውን አስቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ታዲያ እኔ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በመሮ ስቀርጽ የከረምኩት…»

«አዎ» አለች እናቴ።

«ከንፈር ተቀብቶለት?»

«አዎ አልኩህ። ልጅቷ አጠገብህ ናት።»

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴም ሳቀች፣ ድምፅ ሳታሰማ፤ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ። በተበላሸ ድንጋይ የሚስቁ ክፉ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። ሳቃቸው ሲያልቅ እናቴ ፊቷን ጠረገች።

«ልነግረው ነው» አለች።

«ተይው ባክሽ። የሞተ እንስሳ ነው፤ በየት በኩል ቢበላ ምን ቸገረሽ?»

«በየት በኩል እንደበላማ ቸግሮኛል። ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሥራሽን ነው የምታጪው። ከዚህ ጠረጴዛ ነው የሚያስነሣሽ፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ነገ የመሐሉን አጸዳለሁ። አፉ ላይ የተከደኑት ቅርፊቶች ሲወጡ ማንም ሰው ያየዋል። ካየው ያምናል።»

«አይ እትዬ መርፌ» አለ ምስማሩን ወደ ከንፈሩ እየመለሰ። «እሱ የሚያየው ካሜራ ብቻ ነው።»

እናቴ ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ ምንም አልነበራትም። አባቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ዘመድ የለን፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ስትደሰት ያየኋት መርፌ ይዛ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ያኔም ፊቴ ነበር፤ ልብ አላልኩትም።

ለኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ እናቴ የዶክተሩን እንስሳ ተደብቃ ታበላሻለች፣ አናጢው ይስቃል፤ እንስሳውን የሚያድነው ሰው ከኔ በቀር የለም። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ምድር ቤቱ አልወረድኩም። ደረጃውን ወጣሁ። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ አስገባችኝ፤ ዶክተሩ የከረሜላውን ዕቃ ከፈተልኝ።

«እናቴ ድንጋዩ ላይ በመርፌ መስመር እየሠራችበት ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምን ዓይነት መስመር?»

«አምስት። መሐል ላይ የሚገናኙ።»

ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ድሮ አልነበሩም?»

«አልነበሩም። እሷ ናት የሠራቻቸው። እኔ አይቻለሁ።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ያኔ ቁጣ መሰለኝ። አሁን ሳስበው እፎይታ ነው። አምስት መስመር መሐል ላይ ተገናኘ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሸዋ ላጠና ሰውም ይገባዋል። መግለጫው ታትሟል፤ ጋዜጠኛ ተጠርቷል፤ የእንጨቱ ከንፈር ቀለም ደርቋል። መውጫ ፍለጋ ገና መጨነቅ ሳይጀምር አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። እኔ ለዚያ ሰው ያለኝን ንቀት ስለካው ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ ይጎድልብኛል፤ ግማሹ የራሴ ነዋ።

እናቴን አስጠራት። ድንጋዩን በትሪ አድርጋ፣ ማጉያ መነጽሯን በእጇ ይዛ መጣች። ሽፋሽፍቷ ላይ ያው አቧራ። ማጉያውን ለምን እንደያዘችው አልገባኝም። እኔ የቆዳው ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬ መሬት ሳይነካ ከረሜላ እበላ ነበር። ሁለት ነበር የሰጠኝ፤ ወረቀታቸው ሲፈታ የሚንኮሻኮሽ ዓይነት።

«የኔ ትንሽ ሊቅ፣ ያልሽኝን ለእናትሽ ንገሪያት» አለ።

ነገርኳት። መስመሮቹ አልነበሩም፣ አንቺ ነሽ የሠራሻቸው አልኳት። ከአፌ የከረሜላ ምራቅ እየወጣ።

«ይቺ ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች?» አለ ዶክተሩ። «ስንት ዓመት የቆየ ቅርስ በመርፌ ቧጭረሻል። ፖሊስ አልጠራም፤ ልጅሽን አይቼ ነው የተውኩሽ።»

እናቴ ምንም አላለችም። የማስታውሰው እንደዚያ ነው፤ ትሪዋን ይዛ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ ከዚያ ወጣች። እኔም ዶክተሩ ምንኛ ደግ ሰው ነው አልኩ።

በዚያው ሳምንት መስመሮቹ በጀሶ ተደፈኑ፤ ጀሶው የድንጋይ ቀለም ተቀባ። የደፈነው ጋሼ ምስማር ነው። አምስት ልጆች ያሳድግ ነበር፤ ያን ሳምንት ሲሠራ ምስማር ከንፈሩ ላይ አላየሁም።

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ በሰው ጢም አለ። ዶክተሩ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ይህ እንስሳ የአፉ አቀማመጥ ከዘመዶቹ ሁሉ የተለየ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አልታየም አለ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ አልታየም። አጨበጨቡለት። ኮት የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች ተራ በተራ እየቀረቡ ቀዩን ከንፈር ዳበሱት። አንዳቸውም «ምግቡ በየት በኩል ነው የሚመጣለት?» ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ፎቶ አንሺው ጠራኝና ክንዴን እንዳስገባ ነገረኝ፤ እስከ ክርኔ አስገባሁት።

እናቴን ከምድር ቤት አወጧት። ዋናው በር አጠገብ የቦርሳና የዣንጥላ መቀበያ ባንኮኒ አለ፤ እዚያ አስቀመጧት። ሰማያዊ የደንብ ልብስ ሰጧት። አቧራ የለም፤ መስኮቱ የሰው ፊት ያሳያል። ዕድገት መሰለኝ። ለክፍል ጓደኞቼ «እናቴን አሳደጓት» ብዬ አወራሁ። ለራሷም አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ስትሠራኝ «እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩሽ» አልኳት። እጇ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«አዎ» አለች። «እንዳትንቀሳቀሺ።»

ባንኮኒው ፊት ለፊት አዳራሹ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዣንጥላ እየተቀበለች ያንን ቀይ ከንፈር ስታይ ኖረች። ልጆች እጃቸውን ይከታሉ፣ እናቶች ፎቶ ያነሣሉ፣ አስጎብኚው «አትፍሩ፣ አይነክስም» ይላል። በዚያ በኩልማ አይነክስም። ቀለሙ ሲለቅ በየዓመቱ ያድሱታል፤ ከንፈሩ በኔ ጊዜ ከነበረው አሁን ይወፍራል።

እውነቱን ያወቅኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ። የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን ስለ ባሕር ኮከብ ዘመዶች እያስተማረ ዓለት ላይ ተጣብቀው ይኖሩ የነበሩትን ሰሌዳው ላይ ሣለ። ክብ። ከጠርዙ ወደ መሐል የሚታጠፉ አምስት መንገዶች። መሐሉን በጠመኔ ነካ አድርጎ «አፍ» አለ። በሁለት መንገዶች መሐል ሦስት ማዕዘን ቅርፊቶች የገጠሙባት ትንሽ ጉብታ ሣለ። «ይቺ ደግሞ ፊንጢጣው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩት። እናቴ ባዶውን ቦታ አየችና አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላም አልተነጋገርንም። ይቅርታ ልጠይቃት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩባት። ለምን ዝም አለች? ድንጋዩ እጇ ላይ ነበር፤ ማጉያው እጇ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር እያልኩ ኖርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ዶክተሩን ንቄዋለሁ፣ አጨብጫቢዎቹን ንቄአቸዋለሁ፣ ራሴን ንቄአለሁ፤ ግን በልቤ ጓዳ ትንሽ እሷንም ንቄአት ነበር። አንገቷን ደፍታ የወጣች ሴት። ሁልጊዜ የምትታየኝ እንደዚያ ነበር።

እናቴ ጡረታ ስትወጣ ሙዚየሙ መጋዘኑን እያራገፈ ነበር። ያልተጸዱ ድንጋዮች በጋሪ ወደ ቆሻሻ ይሄዳሉ። ጋሼ ምስማር ከዚያው ካባ የመጣ አንድ ድንጋይ አስቀርቶ «ለበር መደገፊያ ይሁንሽ» ብሎ አመጣላት። ለበር መደገፊያ አደረገችው። ሃያ ምናምን ዓመት የበረንዳዋን በር ደግፎ ኖረ። ዓይኗ እየደከመ ስለመጣ መርፌ አላነሣችበትም።

ጋዜጣውን ባነበብኩ በሳምንቱ ድንጋዩን ተበድሬ ወደ ክሊኒኬ ወሰድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ታካሚዎቼ ሲያልቁ በሩን ከውስጥ እቆልፍና ያረጁ መጎርጎሪያዎቼን አወጣለሁ። ስጭር፣ እፍ ስል፣ ስጭር ሰባት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ አንዲት ፍንካች ብልጭ አለችልኝ። ከዚያ አንድ መንገድ ወጣ፣ ሁለት፣ ከዚያ አምስቱም። እኔ ምንም አልሠራሁም፤ እዚያው ነበሩ። መርፌው በሄደበት መስመር የሚወጣው ለምን እንደሆነ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ገባኝ። ሽፋሽፍቴ ላይ አቧራ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ወደ እናቴ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ድንጋዩን ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት። ዓይኗን ወደ ጎዳናው እንዳደረገች በአውራ ጣቷ ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«አራቱ ወደ ግራ» አለች። «አንዱ ወደ ቀኝ።»

«አፉስ?»

ጥፍሯ መሐል ላይ ቆመ። «እዚህ። ክዳኑን አልነካሽውም፤ ጎበዝ።»

ያኔ አላስቻለኝም። «እማ፣ ያን ቀን ዶክተሩ ቢሮ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አንድ ቃል አልተናገርሽም?»

ጥፍሯ ከአንዱ መንገድ አጠገብ የሆነ ነገር ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል።

«ይቺ የሱ አይደለችም» አለች። «መርፌሽ አምልጦሽ ነው።»

በአራተኛው ወር ነው ያመለጠኝ። ከፀጉር የምትቀጥን ጭረት ናት፤ እኔ ራሴ በማጉያ ካልሆነ አላያትም። «እንዴት አወቅሽ?»

«የሱ መንገድ ግራና ቀኙ ክዳን አለው፤ በቅርፊቶቹ መሐል ነው የሚሄደው። የመርፌ ጭረት ቅርፊቱን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ ክዳን የለው፣ ምን የለው። ማጉያ ያለው ሰው አይስተውም።» ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ይሄንኑ ነው ለዶክተሩ የነገርኩት።»

«ነገርሽው?»

«ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ማጉያውን ሰጠሁት፤ አላይም አለ። ከዚያ ላንቺ ሰጠሁሽ።»

«ለኔ?»

«ነይ አንቺ እዪው አልኩሽ» አለች እናቴ። «ሁለተኛውን ከረሜላ እየፈታሽ ነበር።»